ከፒትስበርግ እስከ ዋሽንግተን በብስክሌት፦ ለገሃር ሆናችሁ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ካለበት አጠገብ ብስክሌቴን አቁሜ ቡና መጠጣት ልማዴ ነው። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ከኋላ የታሰረውን ሻንጣ አዩና፣

«እንዲህ ጭነህ ወዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የትም አልሄድ ጋሼ፣ ልምምድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥራ ያቆመ የባቡር ሐዲድ ነቅለው የብስክሌት መንገድ አድርገውታል። እሱን ልነዳ ነው።»

«ሽመንደፈሩን?»

«አዎ።»

ወደ ጣቢያው ዞር ብለው አዩ። «ታዲያ ባቡር የሄደበት መንገድ ምኑ ይከብዳል? ሜዳ አይደል እንዴ!» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ቀን ሳቅኩ። በኋላ ያስለቀሰኝ ግን ያው ሜዳ ነው። እኛ አዲስ አበቤዎች ዳገት እናውቃለን። ሜዳ አናውቅም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከሞላ ጎደል በዚህ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ፦ መንገዱን እወቁት

ሁለት መንገዶች ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ካምበርላንድ በምትባል ከተማ ይገጥማሉ።

የመጀመሪያው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። ከፒትስበርግ እስከ ካምበርላንድ 241 ኪሎ ሜትር ነው። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር። ሐዲዱ ተነስቶ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ሁለተኛው ከካምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ጆርጅታውን ይዘልቃል። 297 ኪሎ ሜትር ነው። የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር መንገድ ነው። እዚህኛው ላይ የሚሄደው ጀልባ ነበር። በቅሎዎች በቦዩ ዳር እየሄዱ ጀልባውን በገመድ ይጎትቱታል። እኛ የምንነዳው በእነዚያ በቅሎዎች መንገድ ላይ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 538 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። መኪና የሚባል ነገር በመንገዱ ላይ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንድ ቦታ የመኪና መንገድ ታቋርጣላችሁ፣ ያው ነው።

ቦዩ መቆፈር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1828 ሲሆን ካምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። በ1924 ጎርፍ ካበላሸው በኋላ ሥራውን አቆመ። በ1950ዎቹ የመኪና መንገድ ሊያደርጉት አስበው ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ሐሳቡን የደገፉትን ጋዜጠኞች «ኑና አብረን በእግር እንሂድበት፣ ከዚያ ፍረዱ» አሏቸው። በ1954 አብረው ሄዱበት። ጋዜጠኞቹም ሐሳባቸውን ለወጡ። ቦታው በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። የእኛ ለገሃር ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እዚያው እ.ኤ.አ. በ1917፣ ይሄ የምናየው ጣቢያ የተመረቀው በ1929 ነው። እነዚህን ዓመተ ምህረቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሆነ ነገር ይሰማኛል። እሱን ግን ለሌላ ቀን።

አሁን ወደ ሜዳው። ባቡር ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ዞሩት፣ ወይ በሱት። ከመቶ ሜትር ሁለት ሜትር እንኳን የሚወጣ ቦታ አታገኙም። ጀልባ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ስለዚህ 74 የውሃ መዝጊያ በሮች ሠሩ። ጀልባው በር ውስጥ ይገባል፣ ይዘጋበታል፣ ውሃ ይሞላና ወደ ላይ ይነሳል። አንዱ በር በአማካይ የሚያነሳው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በጠቅላላው 297 ኪሎ ሜትር ውስጥ የከፍታው ልዩነት 184 ሜትር ብቻ ነው። ከለገሃር እንጦጦ ማርያም ለመድረስ የምንወጣው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የጠቅላላው ጉዞ ከፍተኛ ቦታ 729 ሜትር ነው። ድሬዳዋ እንኳን ትበልጠዋለች። በትንፋሽ በኩል አትስጉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ስትተነፍሱ ኖራችሁ እዚያ ስትወርዱ ሳንባችሁ አየር ይጠግባል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስትነዱ ዳገት ላይ ከኮርቻው ትነሳላችሁ። ቁልቁለት ላይ እግራችሁ ያርፋል። ሳታውቁት ሰውነታችሁ በየአምስት ደቂቃው እረፍት ያገኛል። እዚያ ግን ካልመታችሁ አትሄዱም። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አቀማመጥ፣ አንድ ዓይነት ምት። ነገም ያው። ከነገ ወዲያም ያው። መጀመሪያ መቀመጫ ይሄዳል። ከዚያ መዳፍ ይደነዝዛል። ከዚያ አንገት።

ሁለተኛ፦ ስምንት ሳምንት ተለማመዱ

ቸርችልን ለጊዜው ተዉት። ከለገሃር ተነስቶ በፖስታ ቤት በኩል ፒያሳ መውጣት ጥሩ ስፖርት ነው። እኔም መጀመሪያ የተዘጋጀሁት እንደዚያ ነበር። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ አንዳንዴ እንጦጦ። እግሬ ብረት ሆነ። አሜሪካ በሦስተኛው ቀን ግን መቀመጥ አቃተኝ።

የሚሻለው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ንዱ። ሕጉ ሁለት ነው፦ ከኮርቻው አለመነሳት፣ ፔዳል መምታት አለማቆም። ለዚህ የሚሆን ለጥ ያለ ቦታ መሃል ከተማ ብዙ የለም። መስቀል አደባባይ ማለዳ ከሯጮቹ ጋር ገብቶ መዞር ይቻላል። ሰው ያያችኋል፣ ይስቃል፣ አሥራ አምስተኛው ዙር ላይ ይለምዳችኋል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚሄደው የብስክሌት መስመርም ጥሩ ነው። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት መስመሮች ፒያሳና አራት ኪሎም አሉ። ወደዚያ ስትሄዱ ግን ዳገቱ ይጀምራል። «መንገድ ለሰው» በሚባለው እሁድ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ቀኑን ተጠቀሙበት፣ ሳይቋረጥ የሚነዳበት ቀን ብርቅ ነው።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት አድርጉት። ጭነትም ጀምሩ። ጭነት ስላችሁ ብዙ አታስቡ። የስድስት ሊትር ውሃ ስድስት ኪሎ ነው። በሁለት በኩል አመጣጥናችሁ እሰሩት። ሲደክማችሁ አንዱን ጠርሙስ ለአትክልት ታጠጣላችሁ። በድንጋይ የሚለማመድ ሰው አይቻለሁ፣ ድንጋይ ግን መንገድ ላይ አይደፋም።

ስድስተኛና ሰባተኛ ሳምንት ላይ ዋናው ይመጣል፦ ቅዳሜና እሁድ በተከታታይ አራት አራት ሰዓት። የቅዳሜው ማንም ይነዳዋል። የእሁዱ ነው የሚነግራችሁ። ኮርቻው ላይ ስትቀመጡ «እሰይ» ካላችሁ ዋሽታችኋል። «እህ» ካላችሁ ደህና ናችሁ። ጨርሶ መቀመጥ ካቃታችሁ ኮርቻው ልክ አይደለም።

ስምንተኛው ሳምንት አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ሦስት ቀን ንዱና እረፉ። ከዚያ በኋላ ጥንካሬ የሚጨምር ነገር የለም። ጉልበት ብቻ ነው የምትጨርሱት።

ስለ ኮርቻ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ለስላሳና ወፍራም ኮርቻ የሚመች ይመስለዋል። ለአንድ ሰዓት ልክ ነው። ለስምንት ሰዓት ግን ለስላሳው ሥጋውን ጨምቆ ያደነዝዛል። የሚፈለገው የመቀመጫ አጥንታችሁን በልኩ የሚሸከም፣ ጠንከር ያለ ነው። ከፍታውም ወሳኝ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ግዙ። ከሥር ሌላ ሙታንታ አይለበስም፣ እዚህ ላይ እፍረት አያዋጣም። ስፌቱ ነው ቆዳ የሚልጠው። ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን ተቀቡ። ማታ ታጥባችሁ አድርቁ። ሁለት ቁምጣ ካላችሁ ይበቃል።

ለመዳፍ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው አያያዛችሁን ቀይሩ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ መሪው ዝቅ ብሏል ወይም ክብደታችሁን እጃችሁ ላይ ጥላችኋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ብስክሌቱ

ሦስት መንገድ አለ። የራሳችሁን ይዛችሁ መሄድ፣ እዚያ ያገለገለ መግዛት፣ መከራየት። የራሳችሁን የለመዳችሁትን ኮርቻ ብቻ ፈትታችሁ ይዛችሁ መሄድና ብስክሌቱን እዚያ መከራየት የእኔ ምርጫ ነው። ኮርቻ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ብስክሌት በካርቶን ለመላክ ካሰባችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአየር መንገዱን የሻንጣ ደንብ ጠይቁ። ፒትስበርግም ካምበርላንድም አከራዮች አሉ። እዚህ ተከራይታችሁ እዚያ የምትመልሱበት ዘዴም አላቸው።

ጎማው ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። የውድድር ቀጭን ጎማ ባቡሩ መንገድ ላይ ያስኬዳል፣ ቦዩ ዳር ጭቃ ላይ ግን ይሰምጣል። ንፋሱን እስከ መጨረሻው አትሙሉት፣ ትንሽ ለስለስ ይበል። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት አትውሰዱ። ጭቃው ጀርባችሁ ላይ ካርታ ይስላል። ማርሹ ቀላል ዝቅተኛ ካለው ይበቃል። የሚያስጨንቅ ዳገት የለምና።

የመጀመሪያ ጊዜ የተከራየሁት ብስክሌት የፍሬን ሸራው አልቆ ነበር። አከራዩን አልጠራም። ጥፋቱም ግማሹ የእኔ ነው፣ ሳልፈትሽ ወጣሁ። ባቡሩ መንገድ ሲወጣ ፍሬን ምን ያደርጋል? አራተኛው ቀን ላይ 38 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት መኖሩን ረስቼዋለሁ። ጫማዬን መሬት ላይ እየጎተትኩ ፍሮስትበርግ ደረስኩ። ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት ሁለቱን ፍሬን ያዙና ብስክሌቱን ግፉት። ጎማው መዞር የለበትም። ቸርኬውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፣ ቀጥ ብሎ ይዙር። የፖርቶመጋላውን ብሎኖች በእጃችሁ ነቅንቁ።

ጎሚስታ እዚያ የለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ የምታውቁት ሠሪ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተማሩ። እኔ የሰፈሬን ሠሪ «ዛሬ አንተ እየኝ፣ እኔ ልሥራ» ብዬው አንድ ከሰዓት ሙሉ ያንኑ ጎማ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። አሥረኛው ላይ በሰባት ደቂቃ ቻልኩት። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ የሰንሰለት ዘይትና ጥቂት ትርፍ ብሎን ያዙ። ማስቲሽ ግን እዚያው ግዙ። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ችግር ያመጣል። የካምፕ ምድጃ ጋዝም እንደዚሁ።

አራተኛ፦ ጓዝ

አሥር ኪሎ አካባቢ ሞክሩ። ከአሥራ አምስት ከበለጠ የማትፈልጉት ነገር ይዛችኋል። ጀርባ ላይ ምንም አይታዘል፣ ሁሉም ብስክሌቱ ላይ ነው።

ሻንጣው ውሃ አያስገባም ቢባልም አትመኑ። ልብሱን በየዓይነቱ በፌስታል ጠቅልሉ። መርካቶ በጅምላ የሚሸጠው ወፍራም ፌስታል ብዙ ገንዘብ ከሚወጣበት ሻንጣ የበለጠ አገልግሎኛል። ቀላል ድንኳን፣ ፍራሽና የመኝታ ከረጢት እዚያ ያለችው እህቴ ከጓደኞቿ ተውሳልኛለች። እናንተም ዘመድ ካላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አበሻ ጋራዥ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። ጋቢ አትያዙ። አንዴ ከረጠበ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ክብደቱም አይጣል ነው። ነጠላ ግን ያዙ። ፎጣ ነው፣ የአንገት ልብስ ነው፣ የፀሐይ መከለያ ነው። ቶሎ ይደርቃል።

የፊት መብራት ግዴታ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አምስተኛ፦ ምግብ

እዚህ ላይ እኛን የሚያህል የለም። ፈረንጆቹ ለኃይል ብለው በላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ በዶላር ይገዛሉ። እኛ በሶ አለን። ጠዋት በጠርሙስ ውስጥ በሶ፣ ውሃ፣ ማርና ትንሽ ጨው አድርጋችሁ አንቀጥቅጡት። እስከ ረፋድ ይይዛል። ኪሳችሁ ውስጥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ። አንድ የኦሃዮ ሰው ዳቦ ቆሎ አቅምሼው ከዚያ በየማረፊያው «ያቺ ትንሿ ዳቦ አለች?» እያለ ሲፈልገኝ ሰነበተ።

ከአዲስ አበባ መሸከም ግን አያስፈልግም። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ የአበሻ ሱቆች ሁሉንም ይሸጣሉ። ቋንታ ከዚህ አትውሰዱ። የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ አያስገባም። የምትይዙትን ምግብ ሁሉ ፎርሙ ላይ አሳውቁ።

የምትጾሙ ከሆነ ረቡዕና አርብ በትንንሾቹ ከተሞች የሚገኘው የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ በቲማቲምና ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ነው። ያስኬዳል። ሳትጠይቁ ግን አትመኑ፣ አይብ የማይነሰንሱበት ነገር የለም።

ስድስተኛ፦ መቼ እና እንዴት

ሁለት ጥሩ ወቅት አለ። አንዱ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። ሌላው ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ትንኙ ይቀንሳል፣ ቅጠሉ ይቀላል። በበጋቸው መሃል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ አዲስ አበቤን ያቀልጣል። በክረምታቸው ትልቁ ዋሻ ይዘጋል፣ የቦዩ ዳር የውሃ ፓምፖችም ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ አይሠሩም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ዳለስ ይበራል። ስትደርሱ ሁለት ሦስት ቀን እረፉ። የሰባት ሰዓት ልዩነት ቀልድ አይደለም። እንቅልፍ እየጣለው ብስክሌት የሚነዳ ሰው ቦዩ ውስጥ ይገባል።

ከዋሽንግተን ወደ ፒትስበርግ በአምትራክ ባቡር ሂዱ። ለብስክሌቱ ቦታ አስቀድማችሁ መያዝ አለባችሁ፣ ቦታው ጥቂት ነው። ባቡሩ በሃርፐርስ ፌሪ፣ በካምበርላንድ፣ በኮነልስቪል አድርጎ ያልፋል። ያ ማለት በመስኮት የምታዩት ወንዝ በብስክሌት የምትመለሱበት ነው። በባቡር ጥቂት ሰዓት የሆነው በብስክሌት ዘጠኝ ቀን መሆኑ ትንሽ ያስፈራል። ፒትስበርግ የምትደርሱት ማታ ስለሆነ ጣቢያው አጠገብ ማደሪያ ያዙ።

ለምን ከፒትስበርግ ይጀመራል? ከዚያ በኩል ዳገቱ ረጅምና ለስላሳ ነው። ከካምበርላንድ በኩል ከጀመራችሁ 38 ኪሎ ሜትር ያለ እረፍት ትወጣላችሁ። በዚያ ላይ ዘመድ ያለው ዋሽንግተን ነው። መጨረሻው እንጀራ ይሁን።

ሰባተኛ፦ ዘጠኝ ቀን

በአምስት ቀን የሚጨርሱ አሉ። ዘጠኙ ይሻላችኋል። በቀን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል።

አንደኛ ቀን ከፒትስበርግ ዌስት ኒውተን፣ 58 ኪሎ ሜትር። የድሮ ብረት ፋብሪካዎች አካባቢ ነው። ሁለተኛ ቀን ኦሃዮፓይል፣ 68። ፏፏቴው መንደሩ መሃል ነው፣ እግራችሁን ውሃ ውስጥ ክተቱ። ሦስተኛ ቀን ማየርስዴል፣ 64። ልትደርሱ ስትሉ 582 ሜትር የሚረዝም የባቡር ድልድይ አለ። መሃሉ ላይ ቆማችሁ ታች ሸለቆውን እዩ።

አራተኛው ቀን የጉዞው ንጉሥ ነው። 51 ኪሎ ሜትር ብቻ። ጥቂት እንደወጣችሁ ጫፉ ላይ ትደርሳላችሁ፣ 729 ሜትር። በአንድ በኩል የወደቀው ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ በሌላው በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። እንጦጦም እንደዚሁ ነው፣ ሰሜኑ ወደ ዓባይ፣ ደቡቡ ወደ አዋሽ። ከዚያ ቢግ ሳቬጅ የሚባለው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ይመጣል። ስትወጡ አገሩ ከፊታችሁ ይዘረጋል። ከዚህ በኋላ እስከ ካምበርላንድ መምታት የለም። መቀመጫችሁ የሚያርፈው እዚህ ብቻ ስለሆነ ቁሙበት።

አምስተኛ ቀን የበቅሎ መንገዱ ይጀምራል። ሊትል ኦርሊንስ፣ 70 ኪሎ ሜትር። ፍጥነታችሁ ይወርዳል። ባቡሩ መንገድ ላይ በሰዓት 18 የምትሄዱ ከሆነ እዚህ 13 አስቡ። ሥር፣ ጉድጓድ፣ ጭቃ አለ። ይሄ ቀን የሚያልፈው በፖ ፖ ዋሻ ውስጥ ነው። ርዝመቱ 950 ሜትር ነው። ከ1836 እስከ 1850 ነው የተሠራው። ውስጡ በጡብ የተለበጠ ነው። መብራት የለውም። የበቅሎ መንገዱ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል አጥርና ውሃ። እኔ መብራቴ ሻንጣ ሥር ተቀብሮ ነበር። «ስልኬ ይበቃል» አልኩ። መሃል ላይ ስልኩ ጠፋ። ስድስት በመቶ ነበረው። ከዚያ በኋላ አንድ እጄን አጥሩ ላይ፣ አንድ እጄን ብስክሌቱ ላይ አድርጌ፣ አባታችን ሆይን ደግሜ ደጋግሜ ነው የወጣሁት። መብራቱ እጅ ላይ ይሁን። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ወርዳችሁ ግፉ።

ስድስተኛ ቀን በሃንኮክ አድርጋችሁ ዊሊያምስፖርት፣ 66። ዝናብ ከዘነበ ጥሩ ዜና አለ። ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ቢግ ፑል ከቦዩ ጎን ለጎን አስፋልት የሆነ ሌላ የቀድሞ ባቡር መንገድ አለ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል። ጭቃውን ትታችሁ ወደዚያ ውጡ። ሰባተኛ ቀን ሃርፐርስ ፌሪ፣ 63። ከተማዋ ከወንዙ ማዶ ናት። ብስክሌቱን ተሸክማችሁ ደረጃ ትወጣላችሁ፣ በባቡር ድልድዩ ጎን ባለው የእግረኛ መንገድ ትሻገራላችሁ። ስምንተኛ ቀን አርባ ኪሎ ሜትር ብቻ ንዱ። ሞኖካሲ የውሃ ድልድይ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቦዩ ወንዝ የሚሻገርበት፣ ሰባት ቅስት ያለው፣ በ1833 ያለቀ የድንጋይ ሥራ ነው። ውሃ ድልድዮች ላይ መንዳት አይፈቀድም፣ መግፋት ነው። ዘጠነኛ ቀን የቀረው 58 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግሬት ፎልስን አልፎ ከተማ።

ማደሪያ ይሄን ያህል አያስጨንቅም። በባቡሩ መንገድ በኩል በየከተማው ማረፊያ አለ። ቦዩ ዳር ደግሞ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጁ የድንኳን ቦታዎች በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ገደማ ታገኛላችሁ። ነፃ ናቸው። ቀድሞ የደረሰ ይይዛል፣ በአንድ ቦታ አንድ ሌሊት ነው። ጠረጴዛ፣ መጸዳጃና የእጅ የውሃ ፓምፕ አላቸው። ውሃው በአዮዲን ስለሚታከም መድኃኒት መድኃኒት ይላል። በሶ ውስጥ ጣዕሙ አይታወቅም። በየሦስተኛው ሌሊት ግን አልጋ ተከራዩ።

ስምንተኛ፦ መንገድ ላይ

በቀኝ ንዱ፣ በግራ እለፉ። ከማለፋችሁ በፊት ደወል ምቱና «ኦን ዩር ሌፍት» በሉ። «በግራህ ላልፍ ነው» ማለት ነው። መኪና ጥሩንባ የለመደ ጆሮ ላለን ሰዎች ይሄ ጨዋነት ይገርማል። ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ አለ።

ማታ ማታ መዥገር እንዳይኖር ሰውነታችሁን ፈትሹ። ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብ። የእነሱ መዥገር ትንሽ ናት፣ በሽታዋ ግን ትልቅ ነው። ወረንጦ ያዙ። መዥገሯን ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል አንጸባራቂ ቅጠል አትንኩ። ቆዳን ያቃጥላል። እኔ ለሽንት ገብቼበት ሁለት ሳምንት አክኬያለሁ።

ኔትወርክ ጫካው ውስጥ ይቆራረጣል። ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ቦዩ ዳር በየማይሉ ቁጥር ያለው ምልክት ተተክሏል። አደጋ ከደረሰ 911 ደውላችሁ ያንን ቁጥር ተናገሩ። የማይሉ ቁጥር ከካምበርላንድ 184 ላይ ይጀምርና እየቀነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ደስ ይላል። 90ዎቹ ላይ ግን ማየት ያስጠላል።

ዜሮው ጆርጅታውን መጨረሻ፣ ከጀልባ ቤቱ ጀርባ ተደብቆ ነው ያለው። ብዙ ሰው ሳያየው ከተማ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ፖቶማክን ተከተሉ፣ ሕንፃውን ዙሩ፣ ውሃው ዳር ነው። ለሚቀበላችሁ ሰው ያንን ቦታ ንገሩ። መኪናቸው ላይ የብስክሌት መጫኛ ከሌለ የፊት ጎማውን ፍቱና ከኋላ ወንበር አስገቡት። ከሥር አሮጌ አንሶላ አንጥፉ፣ ጭቃው መቼም አይለቅም።

እህቴ ዶሮ ወጥ ይዛ ነበር የመጣችው። ሣሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ «በል ቁጭ በል፣ ብላ» አለችኝ። ቆሜ በላሁ።